ተጎድቶ የተቀመጠ የተራራ ሯጭ ሞራሉን እንዴት ይጠብቅ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሯጮች

አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ይለዋል፤ ሌላዋን ጉልበቷን ያማታል፤ ሌላው የተረከዙ ጅማት ጠዋት ጠዋት አላራምድ ይለዋል። ጉዳቱ ይለያያል፤ የምንሸነፍበት ቦታ ግን አንድ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በጥየቃና በቡና ያልፋል። በሁለተኛው ሳምንት ጠያቂ ይቀንሳል። ጓደኞች ጦሳ ተራራ ወጥተው ፎቶ ይለቃሉ፤ የተጎዳው አልጋው ላይ ሆኖ ስልኩን ይጎረጉራል። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ቀለል ሲል "አሁንማ ደህና ነኝ" ይልና ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ያው እግር እንደገና ይሄዳል። ብዙ ሰው ሩጫውን የሚተወው ከዚህ ከሁለተኛው ጉዳት በኋላ ነው።

"አይዞህ፣ በጎ በጎውን አስብ" የሚለው ምክር ለዚህ ሰው አይጠቅምም። ሞራሉ የወደቀው በየቀኑ የሚሠራው ነገር ስለጠፋበት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምታገኙት በአብዛኛው ሥራ ነው። በቅደም ተከተሉ ሂዱ። ደረጃ አትዝለሉ፣ በተለይ ሁለተኛውንና ሰባተኛውን።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- አንድ ደብተርና እስክርቢቶ። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ስልኩን ስትከፍቱ የጓደኞቻችሁን ሩጫ ታያላችሁ። ደብተር ይሻላል።
- ሁለት የሃይላንድ ፕላስቲክ። ሦስት አራተኛ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ፍሪጅ ከሌላችሁ ከጎረቤት ወይም ከሱቅ ተነጋገሩ።
- የሚለጠጥ ፋሻ፣ ቀጭን ፎጣ፣ ትራስ።
- ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ። የደሴ ኮብልስቶን ዝናብ ሲነካው ጤነኛውንም ሰው ይጥላል።
- የባጃጅ ገንዘብ። ይህን ከልቤ ነው የምለው። ዳገታማ ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ታክሲ መያዣ ድረስ መውረድና መውጣት ብቻውን ለተጎዳ እግር ከባድ ልምምድ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በጀት ያዙለት።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት

1. እግሩን ከልብ በላይ ከፍ አድርጉ። ጋደም ብላችሁ ሁለት ትራስ ከሥሩ አስገቡ።
2. የቀዘቀዘውን ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልላችሁ ያበጠው ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዙ። በቀን ሦስት አራቴ ይበቃል። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉ፤ ያቃጥላል።
3. ፋሻውን ከጣቶች ጀምራችሁ ወደ ላይ ጠቅልሉ። ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ወዲያው ፍቱት።
4. አታሹት። ቅቤም፣ ቪክስም፣ ሙቅ ውሃም አሁን አይሆንም። ትኩስ ጉዳት ሲታሽ የውስጡ ደም መፍሰስና እብጠቱ ይጨምራል።
5. በእነዚህ ቀናት ስለ ሩጫ ምንም ውሳኔ አትወስኑ። "በቃ አቆምኩ" ማለትም፣ "በሳምንት እመለሳለሁ" ማለትም ክልክል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶች

ቁርጭምጭሚት ከሆነ ይህን ፈትሹ። ከጉዳቱ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ አቅቷችኋል? በውጭም በውስጥም በኩል ያሉትን የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ከኋላ ጠርዛቸው በጣት ስትጫኑ በጣም ያማል? ከትንሿ ጣት ወደ ተረከዝ ስትሄዱ የእግራችሁ የውጭ ጠርዝ መሃል ላይ ጎላ ያለ አጥንት አለ። እሱስ ሲነካ ያስጮኻል? ለአንዱ እንኳ መልሱ "አዎ" ከሆነ ራጅ ያስፈልጋል። የእግሩ ቅርጽ ከተቀየረ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙ ደግሞ ሰዓትም አትጠብቁ።

ሌላም አለ። ለቀናት ከተኛችሁ በኋላ አንዱ ባታችሁ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ማታም ቢሆን ሂዱ።

ደረጃ 2፦ የጉዳቱን ስም ይዛችሁ ውጡ

ስሙን የማታውቁት ጉዳት ሌሊት ሌሊት ያድጋል። ሯጭ "እግሬን አሞኛል" ብቻ እያለ ከተቀመጠ በጭንቅላቱ ውስጥ አንዴ ቀላል ወለምታ ይሆናል፣ አንዴ የዕድሜ ልክ አካል ጉዳት። ለሞራላችሁ ከሁሉ በላይ የሚጠቅማችሁ ትክክለኛ ስምና ግምታዊ ጊዜ ነው።

1. ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ ልምምድ የሚያክም ባለሙያ) ዘንድ ቅረቡ። ሁለቱም ከተማ ውስጥ የመንግሥትም የግልም ጤና ተቋማት አሉ። "ፊዚዮቴራፒ ክፍል አላችሁ?" ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።
2. አራት ጥያቄ ጽፋችሁ ሂዱ፦ የተጎዳው አጥንት ነው፣ ጅማት ነው ወይስ ጡንቻ? ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? አሁን ምን መሥራት እችላለሁ? መቼ ተመልሼ ልምጣ? መልሱን እዚያው ጻፉት። ከክፍሉ ስትወጡ ግማሹ ይጠፋል።
3. ሦስተኛዋ ጥያቄ ሳትመለስ አትውጡ። "እረፍት አድርግ" የሚለው መልስ አይበቃም። "ብስክሌትስ? ሆድና ትከሻ መሥራትስ? በአንድ እግር መቆምስ?" ብላችሁ ዝርዝሩን አውጡ።

ለግምት ያህል፦ ቀላል ወለምታ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል። ጅማቱ በከፊል ከተቀደደ ከ3 እስከ 6 ሳምንት፤ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ወራት ይፈልጋል። በሩጫ ብዛት የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንትና ከዚያም በላይ ነው። የተረከዝ ጅማት ሕመምም ይዘገያል፤ ወራትን ያስቆጥራል።

ራጁ "ምንም የለም" ካለና ሕመሙ ካልተወ

የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ቅልጥማችሁ ላይ አንዲት ቦታ ብቻ በጣት ጫፍ ስትነካ የምታም ከሆነ፣ ስትዘሉም የምትብስ ከሆነ፣ ራጁ ንጹሕ ነው ብላችሁ አትሩጡ። እያረፋችሁ ተመልሳችሁ ታዩ።

ቤተሰብ "ወጌሻ ጋ እንሂድ" ካለ

ይላሉ። እናት ትላለች፤ ጎረቤት ያሉት አባባ ይላሉ። አትጣሏቸው፤ ከፍቅር ነው። "እሺ እማዬ፣ መጀመሪያ ራጅ ልነሳና ከዚያ እናስብበታለን" በሉ። ስብራት ካለ ማሸት ያንቀሳቅሰዋል። በጣም ተጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደግሞ ደም ከልክሎ እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል። ቀድሞ የታሰረላችሁ ካለና ጣቶቹ ከጠቆሩ ወይም ስሜት ካጡ ፈትታችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

ደረጃ 3፦ ውድድሩን ሰርዙ፤ ለሰው የምትሉትን አዘጋጁ

1. ሐኪሙ የሰጣችሁን ጊዜ ውሰዱና በላዩ ግማሹን ጨምሩበት። 6 ሳምንት ካሏችሁ 9 ብላችሁ ያዙ። በዚያ ውስጥ የሚውለውን ውድድር ዛሬውኑ ሰርዙ። "እስኪ እንየው" እያላችሁ የምታቆዩት ውድድር በየቀኑ እግራችሁን እንድትሞክሩ ያደርጋችኋል፤ በሞከራችሁ ቁጥር ያማል፤ ባመመ ቁጥር ሞራል ይወርዳል።
2. ለሚጠይቃችሁ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። ሰፈር ውስጥ "ሯጩ" ተብላችሁ የምትጠሩ ከሆነ ከበር እስከ ሱቅ ድረስ አሥር ሰው ያስቆማችኋል። "የቁርጭምጭሚት ጅማት ነው፤ ጥቅምት ላይ እመለሳለሁ፤ አሁን ልምምድ ላይ ነኝ።" ይበቃል። ታሪኩን ከሥር መሠረቱ በተረካችሁ ቁጥር ውድቀቱን ደግማችሁ ትወድቃላችሁ።
3. "ድሮስ ተራራ ለተራራ መሮጥ ምን ይሠራል" የሚሉ ይኖራሉ። አትከራከሩ። "እሺ፣ ዱዓ አድርጉልኝ" ወይም "ጸልዩልኝ" ብላችሁ እለፉ። እኛ አገር የሚበዛው "አብሽር" የሚለው ሰው ነው። ያንን ተቀበሉ፤ ሊጠይቅ የመጣውን ሰው "ደክሞኛል" ብላችሁ አትመልሱ።

ደረጃ 4፦ የንጋቷን ሰዓት አትልቀቁ

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይህን ያዙ።

ሩጫ ከቀኑ ውስጥ አንድ ቋሚ ሰዓት ሰጥቷችሁ ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ የምትሮጡት ያቺ ሰዓት አሁን ባዶ ናት። ባዶዋን ከተዋችኋት አልጋ ላይ ጣራ እያያችሁ የምትብሰለሰሉባት ሰዓት ትሆናለች፤ ቀኑንም ይዛው ትሄዳለች። ስለዚህ፦

1. በዚያችው ሰዓት ተነሱ። የሩጫ ልብሳችሁን ልበሱ። አዎ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን። በቤት ልብስ የተጀመረ ልምምድ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።
2. ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ሥሩ። ከዚያ በላይ አትሂዱ።
3. ስትጨርሱ ደብተሩ ላይ ጻፉ። ከዚያ ቁርስ።

ምን እንሥራ? የሐኪማችሁን ፈቃድ መሠረት አድርጋችሁ ከእነዚህ ምረጡ። ምሳሌው ለቁርጭምጭሚት ነው፤ ሌላ ጉዳት ላይ የእግሩን ክፍል በባለሙያ አስቀይሩ።

*ፊደል መጻፍ።* ወንበር ላይ ተቀመጡ። የተጎዳውን እግር ከመሬት አንሱ። በአውራ ጣታችሁ አየር ላይ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያላችሁ ጻፉ። ጉልበት አይንቀሳቀስ፤ ቁርጭምጭሚት ብቻ። መጀመሪያ ቀን ከሀ ቤት ማለፍ ሊያቅታችሁ ይችላል። በሚቀጥለው ሳምንት መ ቤት ትደርሳላችሁ። ዛሬ የት እንደቆማችሁ ጻፉ። ከልምምዶቹ ሁሉ ለሞራል እንደዚህ የሚሆን አላየሁም። እየተሻላችሁ መሆኑን ራሱ ፊደሉ ያሳያችኋል።

*በአንድ እግር መቆም።* ክብደት መጣል ሲፈቀድላችሁ ብቻ። ግድግዳ አጠገብ ሁኑ። 30 ሰከንድ ከቻላችሁ እጃችሁን ከግድግዳው አንሱ። ያም ከቀለለ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ያም ከቀለለ የታጠፈ ጋቢ ላይ ቁሙ። ወለምታ የሚደጋገመው ጅማቱ ብቻ ስለላላ አይደለም፤ ቁርጭምጭሚቱ መሬቱን "የማንበብ" ችሎታው ስለሚቀንስም ነው። ይህ ልምምድ ያንን ይመልሳል።

*ተረከዝ ማንሳት።* መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ግድግዳ ይዛችሁ። ቀስ በቀስ ወደ አንድ እግር። ግቡ በተጎዳው እግር ብቻ ከ20 እስከ 25 ጊዜ ያለ ሕመም ማንሳት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ደረጃ 7 ላይ እንፈልገዋለን።

*ጤነኛውን እግር፣ ሆድንና ትከሻን መሥራት።* ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ ፑሽአፕ፣ በጤነኛው እግር ከወንበር መነሳት። ጤነኛውን እግር ማሠራት ለተጎዳውም ጥቂት ይተርፈዋል። ነርቮቹ ጉልበቱን በከፊል ያካፍላሉ፤ ስለዚህ "ያኛው ብቻ ይወፍራል" ብላችሁ አትተዉት።

*ትንፋሽ።* ጂም ብስክሌት ካገኛችሁና ከተፈቀደላችሁ በሳምንት ሦስት ቀን ተጠቀሙበት። ከሌለ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ቦክስ ምቱ፦ 1 ደቂቃ በኃይል፣ 1 ደቂቃ እረፍት፣ አሥር ጊዜ። ሞክሩት፤ ያልባችኋል።

የሕመም ልክ። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ስጡት። እስከ 3 ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ካልጨመረ ቀጥሉ። ከ3 ካለፈ ወይም ጠዋት ከባሰ አንድ ቀን ዝለሉና መጠኑን በግማሽ ቀንሱ። ጉዳታችሁ የአጥንት ስንጥቅ ከሆነ ይህ ልክ አይሠራም። እዚያ የሚፈቀደው ሕመም 0 ነው።

ደብተሩ ላይ ምን ይጻፋል? የቀሩትን ቀናት አትቁጠሩ። የሠራችሁትን ብቻ። ይህን ይመስላል፦

"ረቡዕ። ፊደል እስከ ሠ ቤት። አንድ እግር 20 ሰከንድ፣ ሁለቴ ግድግዳ ነካሁ። ፕላንክ 3 ጊዜ። ሕመም 2። ዛሬ ደረጃውን ሳልይዝ ወረድኩ።"

የመጨረሻዋ መስመር ግዴታ ናት። በየቀኑ ትናንት ያልቻላችሁትን አንድ ነገር ፈልጉ። የማይገኝ ቀን ይኖራል። ያን ቀን "ዛሬ የለም" ብላችሁ ጻፉ፤ ውሸት አትጻፉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ወደ ኋላ ገልጡ።

"አቅሜ ሁሉ ጠፋ" የሚለው ፍርሃት ከመጣ

ይመጣል፤ በተለይ በአምስተኛው ስድስተኛው ቀን። እውነቱ ይህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ገደማ የሚጠፋው ትንፋሽ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ መቀነሱ ይጀምራል፤ ግን ለዓመታት የሮጠ ሰው የሚመልሰው መጀመሪያ ካገኘበት ባነሰ ጊዜ ነው። የደሴ ሯጭ ደግሞ ሌላ ትርፍ አለው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተቀምጣችሁም የምትተነፍሱት ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ሰውነታችሁ ከፍታውን አይረሳም።

ደረጃ 5፦ ከቡድኑ አትጥፉ

የተጎዳ ሯጭ የመጀመሪያ ስሕተቱ ከጓደኞቹ መሸሽ ነው። ሲሮጡ ማየት ያማል፤ ይገባኛል። ግን ከጠፋችሁ ስትመለሱ ሁለት ነገር ነው የምትጀምሩት፦ ሩጫውንም፣ ጓደኝነቱንም።

1. በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሂዱ። ሁሉንም ቀን አትሂዱ፤ ያደክማል።
2. ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ሥራ ይኑራችሁ። ሰዓት ያዙላቸው፤ ውሃና ሙዝ ይዛችሁ የሚወርዱበት ቦታ ጠብቁ፤ ልብስ ጠብቁ፤ አዲስ የመጣ ልጅ ካለ ዳገት ላይ እጁን እንዴት እንደሚጠቀም አሳዩት። ቆሞ የሚያይ ሰው ይከፋዋል፤ ሰዓት የያዘ ሰው ግን ስለ ሌላው ያስባል።
3. ወደ ጦሳም ሆነ ወደ አዝዋ ገደል ሲወጡ "ግማሽ ድረስ ብቻ ልሸኛችሁ" አትበሉ። ግማሹ ግማሽ ሆኖ አይቀርም።
4. ከሩጫው በኋላ ያለውን ቡና አታምልጡ። ወሎ ውስጥ ወሬው ያለው ቡናው ላይ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ በሉ።

ካልጠሯችሁ፦ ጓደኞች የማይጠሩት እንዳያስከፋችሁ ፈርተው ነው። አትጠብቁ። "ቅዳሜ ሰዓት እይዝላችኋለሁ" ብላችሁ እናንተ ጻፉላቸው።

ደረጃ 6፦ ስልክ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማዕድ

*ስልክ።* የሩጫ ቡድኑን ቴሌግራም ከድምፅ ዝጉት፤ ግን አትውጡበት። ስትራቫ (ሩጫ የሚመዘግበው አፕ) ካላችሁ ለአንድ ወር ከስልኩ አጥፉት። መዝገባችሁ የትም አይሄድም።

*ከሰዓት በኋላ።* ጠዋቱን ካተረፋችሁ የሚያስቸግረው ከ8 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሰውነት አልደከመም፣ እግር አያራምድም፣ ሰው ሥራ ላይ ነው። በዚህ ክፍተት ነው ጫት ቤት የሚለመደው። ጫት የምግብ ፍላጎትንም እንቅልፍንም ይዘጋል፤ የሚያገግም ጅማትና አጥንት የሚፈልገው ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ነው። ሰዓቱን በሌላ ነገር ያዙት፦ ቋንቋ፣ መጽሐፍ፣ የወንድም ልጅ ማስጠናት፣ ሲጠራቀም የከረመ የቤት ሥራ።

*ማዕድ።* "ስላልሮጥኩ ልቀንስ" አትበሉ። ቁስል የሚጠገነው በምግብ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፤ በጾም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ በየማዕዱ ይኑር። በረመዳን የምትጾሙ ልምምዱን ከአፍጥር በኋላ አድርጉት፤ ሱሑርን አትዝለሉ።

*ማስታገሻ።* ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ለጥቂት ቀናት ውሰዱ። ጨጓራ ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ክኒን ውጦ እግርን መሞከር ፈጽሞ አይሆንም፤ የሕመሙን ልክ የምታነቡበትን ዓይን መሸፈን ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተሻለ

ለሁለት ሳምንት በአብዛኛው ቀን ከከፋችሁ፣ እንቅልፍ ወይም ምግብ እምቢ ካላችሁ፣ የምትወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ ይህ ከሞራል መውደቅ ያለፈ ነው። ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ጤና ተቋም ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ፤ እዚያ መሄድ ፊዚዮቴራፒ ከመሄድ አይለይም። ራስን ስለማጥፋት የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ለምታምኑት አንድ ሰው ተናገሩና አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ብቻችሁን አትሁኑ።

ደረጃ 7፦ "አሁንማ ደህና ነኝ" የሚባልበት ሳምንት

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ሕመሙ ጠፍቷል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ጓደኞች "እስቲ ና" ይላሉ። ሕመም የሚጠፋው ጅማቱ ከመጠንከሩ በፊት ነው። ስሜታችሁን አትመኑ፤ ፈተናውን እለፉ።

1. 30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። በዚያው ቀንም በማግስቱም ሕመም የለም?
2. በተጎዳው እግር ብቻ ከ20 እስከ 25 ጊዜ ተረከዝ አነሳችሁ? ከጤነኛው ጋር እኩል ነው?
3. ዓይን ጨፍናችሁ በአንድ እግር ቆማችሁ? ከሌላው እግር ጋር አወዳድሩት።
4. በተጎዳው እግር አሥር ጊዜ በቦታችሁ ዘላችሁ፣ ያለ ሕመም፣ ሳትፈሩ? መፍራትም መውደቅ ነው።

አራቱንም ያለፈ ሰው ወደ ደረጃ 8 ይሂድ። አንዱ የቀረው በደረጃ 4 ላይ አንድ ሳምንት ይጨምር። ስብራት ወይም ስንጥቅ የነበረበት ሰው አራቱንም ቢያልፍ እንኳ ከሐኪሙ "ሩጥ" የሚል ቃል ሳይሰማ አይጀምር።

ፈተናውን ብቻችሁን አታድርጉ። ጓደኛ ይቁጠርላችሁ። ብቻውን የሚቆጥር ሯጭ 17ን 20 ያደርጋታል።

ደረጃ 8፦ መመለስ፤ መጀመሪያ ሜዳ፣ ቀጥሎ ዳገት፣ በመጨረሻ ቁልቁለት

ቅደም ተከተሉ ላይ አልደራደርም። ቁልቁለት ጡንቻውን እየተለጠጠ እንዲሸከም ያስገድደዋል፤ ጉልበት ላይ የሚያርፈውም ጫና ከሁሉ ይበልጣል። ድንጋይና ጭቃ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው።

ሀ. ሜዳ፣ 2 ሳምንት። ደሴ ውስጥ ለጥ ያለ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ስታዲየም ወይም ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ይሆናል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ከተማው ሜዳ ላይ ነው። ደሴዎችም በሳምንት አንድ ቀን በሚኒባስ ወርዳችሁ እዚያ ብትሠሩ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታውም ዝቅ ስለሚል ትንፋሹ ይቀላል፤ ለወደቀ ሞራል ይህ መልካም ነው። ግን ትንፋሹ ስለቀለለ አትፍጠኑ፤ ትንፋሽ የሚመለሰው ከጅማት ቀድሞ ነው።

1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። አንድ ቀን ዘልላችሁ አንድ ቀን። ካላመመ የሩጫውን ደቂቃ በየልምምዱ በአንድ ጨምሩ።

ለ. ዳገት፣ 2 ሳምንት። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ። ዳገቱን ውጡ፤ ቁልቁለቱን በባጃጅ ውረዱ። አንዳንዱ ሯጭ ያፍርበታል። አትፈሩበት፤ እግር የሚያተርፍ ብር ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎ ዋና መንገድ ለዚህ አትምረጡ። ከባድ መኪና ይበዛዋል፤ መታጠፊያው ላይ ማምለጫ የለም።

ሐ. ቁልቁለት። በደረቅ ቀን፣ በአፈር መንገድ፣ 5 ደቂቃ ብቻ ጀምሩ። እርምጃ አሳጥሩ፤ ዓይናችሁ ከፊታችሁ ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ ይህን ክፍል አትጀምሩ። ጭቃው እስኪደርቅ ዳገቱ ላይ ቆዩ። ከወለምታ የተመለሰ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ወራት የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ቢያደርግ ጥሩ ነው።

ፍርሃት ቁልቁለቱ ላይ ካቆማችሁ፦ የተለመደ ነው። ጎበዝ ሯጮች የወደቁበት ድንጋይ ጋ ሲደርሱ እግራቸው ይታሰራል። በእርምጃ እለፉት። ተመልሳችሁ ውጡና እንደገና በእርምጃ እለፉት። በሦስተኛው በሶምሶማ። ፈርታችሁ ሰውነታችሁ ከደረቀ ግን ያን ቀን ተዉት፤ የደረቀ እግር ይጠመዘዛል።

ሕመሙ ከተመለሰ፦ አንድ ፊደል ወደ ኋላ ሂዱ። ከሐ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሀ። ደረጃ 1 አትግቡ፣ ካላበጠ በቀር። ደብተሩ ላይ ምን እንደጨመራችሁ ተመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር አብራችሁ ጨምራችኋል፤ ፍጥነትና ርዝመት፣ ወይም ቁልቁለትና ጭቃ። አንዱን አውጡ።

ከመጀመሪያው ሙሉ ቁልቁለት በኋላ ያለውን ጠዋት ለይታችሁ ያዙ። ከአልጋ ስትነሱ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች አድምጡ፤ ለሕመሙ ቁጥር ስጡትና ጻፉ። 0 ወይም 1 ከሆነ ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ ቁልቁለት በዚያው ፍጥነት ድገሙት። 2 ወይም 3 ከሆነ አንድ ሳምንት ዳገት ብቻ ሥሩ። ከዚያ በላይ ከሆነ ፊዚዮቴራፒስታችሁ ጋ ደውሉና ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።